«ሚዛኑ ጤነኛ ነው» ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት

(በምሩቃን የመሰባሰቢያ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራህ አንድ ነገር አካፍለን» ሲሉኝ መጀመሪያ በሐሳቤ የመጣው የተሳካልኝ ሥራ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ሁላችንም ይዘን የምንመጣው እሱን ነው። ቆይቼ ሳስበው ግን ከዚህ ግቢ ከወጣሁ ወዲህ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ አንድ የተሳሳትኩበት ሥራ ነው። ስለዚህ እሱን ልንገራችሁ። ርእሱ ጠበብ ያለ ነው፦ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ስንጠግን ሎጂክ ቺፕን ከቦርዱ ሳንነቅል እዚያው እንዳለ መፈተን የት ድረስ ያስተማምናል? ኤሌክትሪካል ያላጠናችሁ ወንድሞችና እህቶች አትሽሹብኝ፤ ነገሩ ስለ ማሾ ጆንያም ጭምር ነው።

አገሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በደሴ መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ከባሕር ወለል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ናችሁ፤ ጋቢ ያስፈልጋል። ዋሻውን ወጥታችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ጋቢው ይወልቃል፣ ቀጥሎ ጃኬቱ ይወልቃል፣ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ የመኪናው መስኮት ሁሉ ተከፍቷል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ይላል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለዋወጥ፣ አዲስ አበባ የተሠራ ዕቃ እዚያ ሲደርስ ሌላ አገር ገባ ማለት ነው። የይፋት ቆላ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ሽንኩርት፣ ትምባሆ ያበቅላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የአካባቢው ዋና የገንዘብ ሰብል ማሾ ሆኗል። ማሾ ዝናብ ቢያጥርም ቶሎ ይደርሳል፣ ገበያውም ውጭ አገር ድረስ ነው። ይፋት ከጥንት የንግድ አገር ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአልዩ አምባ ገበያ ከባሕር በር የሚመጣው ቅፍለት የሚራገፍበት ነበር። ገበያ ባለበት ሚዛን አለ፤ ሚዛን ባለበት ደግሞ ጥርጣሬ አለ።

አንድ ቀን አንድ የማሾ ነጋዴ የኤሌክትሮኒክ ሚዛኑን በፒክአፕ ጭኖ አዲስ አበባ ያለው ሱቄ ድረስ መጣ። «ኢንጂነር፣ ገበሬው ሰረቅኸኝ እያለኝ ነው። እኔ ሚዛኑን ነክቼው አላውቅም። ፈትሸውና ደህና ከሆነ ወረቀት ስጠኝ» አለኝ። ሰውየው ሲናገር እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በንግድ ስሙ የመጣበት ነገር ነው።

ሚዛኑ ቆየት ያለ ሥሪት ነው፤ ጆንያ የሚጫንበት መድረክ፣ ከሥሩ ሎድ ሴል፣ ከፊቱ ሦስት አሃዝ የሚያሳይ ሳጥን። በኪሎ ነው የሚያነበው። ሳጥኑን ስከፍተው ደስ አለኝ፤ ዛሬ ዛሬ ሁሉ ነገር አንዲት ጥቁር ቺፕ ውስጥ ተጨምቆ ሲመጣ፣ ይሄኛው ተማሪ ሆነን በእጃችን የገጠምናቸው ቺፖች ተደርድረውበታል። ማይክሮፕሮሰሰሩ በ5 ቮልት ይሠራል። ማሳያው በ12 ቮልት የሚሠሩ ሦስት 4511 ቺፖች አሉት፤ ለአንድ አሃዝ አንድ። ለእያንዳንዱ አሃዝ አራት መስመር፣ በድምሩ 12 መስመር ከፕሮሰሰሩ ወደ ማሳያው ይሄዳል። ከ5 ቮልት ወደ 12 ቮልት የሚያሻግሯቸው በየአንዳንዳቸው ስድስት በር ያላቸው ሁለት 7407 ቺፖች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፤ በኋላ ያስፈልገናል። 7407 ኦፕን ኮሌክተር የሚባለው ዓይነት ነው። አውትፑቱ መስመሩን ወደ ታች መጎተት ብቻ ነው የሚችለው፤ ወደ ላይ መግፋት አይችልም። ሲለቀው ወደ 12 ቮልት የሚመልሰው ከጎኑ የተበየደ ሬዚስተር ነው። በስፕሪንግ የተንጠለጠለ ገመድ አስቡ፤ ሰውየው ወደ ታች ይስበዋል፣ ሲለቀው ስፕሪንጉ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ስፕሪንጉ ከሌለ ገመዱ ወድቆ ይቀራል።

ሱቄ ውስጥ ቺፕን ከቦርዱ ሳይነቅል የሚፈትን መሣሪያ ነበረኝ፤ ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ እኮራበትም ነበር። ክሊፑ ቺፑን በጥርሱ ነክሶ ፒኖቹን ሁሉ ይይዛል። የቺፑን ቁጥር ትነግሩታላችሁ፤ እሱ ኢንፑቶቹን እያነሳና እየጣለ አውትፑቶቹ እንደ ሰንጠረዡ መመለሳቸውን ያያል። ከዚያ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ይላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሂውሌት ፓካርድ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ቺፕ ላይ የሚነክሱ ክሊፖችንና ማወዳደሪያዎችን ይሸጥ ነበር፣ ፋብሪካዎችም በመርፌ አልጋ ላይ ቦርድ አስተኝተው በዚሁ መንገድ ይፈትናሉ።

አንድ በአንድ ነከስኳቸው። 7407ቱ ሁለቱም አለፉ። 4511ዱ ሦስቱም አለፉ። የቀሩትም አለፉ። ቀጥሎ ያለኝን የሚዛን ድንጋይ ደረደርኩ፤ የ20 እና የ5 ኪሎ ናቸው። 5፣ 20፣ 25፣ 40፣ 60፣ 85፣ 100። አንዱንም አልሳተም። ስለዚህ «ሚዛኑ ተፈትሿል፤ ጤነኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማህተም መታሁ። ሰውየው ወረቀቱን ሲቀበል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ክፍያዬን ተቀብዬ ሸኘሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሸዋ ሮቢት ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት ነጋዴው ሳይሆኑ ጠቡን ለማብረድ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ወረቀቴ በላስቲክ ተሸፍኖ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ገበሬ «ጎደለብኝ» ባለ ቁጥር «የመሐንዲስ ማህተም አለበት፣ አንብበው» ይባላል። ሰዎች ሊደባደቡ ደርሰዋል። «ማህተሙ ያንተ ከሆነ መጥተህ ቁምበት» አሉኝ። ልክ ነበሩ። በማግስቱ ጠዋት ወረድኩ።

መጋዘኑ ቆርቆሮ ነው፤ ጣራውም ግድግዳውም። ሽማግሌዎቹ ከደጁ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ከከሳሾቹ አንዱ አዛውንት ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጃቸው የጻፈችበትን ደብተር ይዘዋል። ጠዋት ስድስት ጆንያ አስመዝነው በዋጋ ሳይስማሙ ቀሩ፤ ከሰዓት ተስማምተው እነዚያኑ ጆንያዎች በዚያው ሚዛን መልሰው አስመዘኑ። ልጅቷ ሁለቱንም ጽፋዋለች። ጠዋት፦ 73፣ 85፣ 66፣ 92፣ 58፣ 77። ከሰዓት፦ 71፣ 85፣ 64፣ 90፣ 58፣ 75።

«አባባ፣ ማሾ ፀሐይ ላይ ሲቆይ እርጥበቱ ይቀንሳል እኮ» አልኳቸው። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ፀሐይ ከሆነ ሁሉንም ያደርቃል። ሚዛኑም ሌባ ቢሆን ከሁሉም ይሰርቃል። ይሄኛው ግን መርጦ ነው የሚወስድ» አሉኝ።

መርጦ ነው የሚወስድ። እኔ በመሣሪያ ያላገኘሁትን እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጡልኝ። ደብተሩን ተቀብዬ ጉልበቴ ላይ የመጨረሻዎቹን አሃዞች በባይነሪ መጻፍ ጀመርኩ። 3 ማለት 2 እና 1 ነው፤ 2ቱን ሲያጣ 1 ይሆናል። 6 ማለት 4 እና 2 ነው፤ 2ቱን ሲያጣ 4። 2 ራሱ ዜሮ ይሆናል። 7 ደግሞ 5። 5 እና 8 ግን በውስጣቸው 2 የላቸውም፤ ስለዚህ አይነኩም። ከአሥሩ አሃዞች 2ን በሆዳቸው የያዙት አራት ብቻ ናቸው፦ 2፣ 3፣ 6 እና 7። ከአሥር ጆንያ በአማካይ አራቱ ሁለት ሁለት ኪሎ ያጣሉ፤ የቀሩት ስድስቱ ምንም አይሆኑም። አንድም ጆንያ ግን አይጨምርም። ሁልጊዜ ወደ ነጋዴው ያደላል። ሌብነት እንዲመስል ተብሎ የተሠራ ጥፋት ቢኖር ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

የእኔ የሚዛን ድንጋዮችስ? 5 እና 20። በአምስት በአምስት የሚሄድ ቁጥር ሁሉ መጨረሻው 0 ወይም 5 ነው። ሁለቱም ውስጥ 2 የለም። በአምስት እየጨመርኩ ዕድሜዬን ሙሉ ብለካ ስህተቱን አላገኘውም ነበር።

አንድ መስመር መሆኑን ካወቅኩ ቀሪው መጠበቅ ነበር። ሳጥኑን ከፍቼ ቴርሞሜትር አንጠለጠልኩና ዘጋሁት። ማለዳ ሚዛኑ 73ን 73 ይላል። ስምንት ሰዓት ላይ ሳጥኑ ውስጥ 58 ዲግሪ ደረሰ፤ 73ቱ 71 ሆነ። መልቲሜትሬን ሬዚስተሩ እግር ላይ ሳሳርፈው ግን ወዲያው ወደ 73 ተመለሰ። መለኪያው ራሱ እየተጫነ ጥፋቱን ይደብቀዋል ማለት ነው። ከሬዚስተሩ ራቅ ብዬ 4511ዱ ፒን ላይ በቀስታ ስለካው 12 ቮልት መሆን የነበረበት መስመር አንድ ቮልት እንኳን አልሞላም። ከዚያ በእንጨት ስንጥር ሬዚስተሩን ነካ አደረግኩት። 73። ለቀቅኩት፤ 71። ሽማግሌዎቹ ቆመው እያዩ ነው። ነካ፣ ለቀቅ። 73፣ 71። አንዱ «በቃ፣ ገባን» አሉ።

የሬዚስተሩ ብየዳ ተሰንጥቋል፤ በዓይን የማይታይ ክር የምታህል ስንጥቅ። ሲቀዘቅዝ ይገጥማል፣ ሲሞቅ ቦርዱ ሲለጠጥ ይለያያል። ስፕሪንጉ ሲለያይ መስመሩን ወደ ላይ የሚያወጣው የለም። በዚያ ላይ የ7407 ትራንዚስተር ተዘግቶም ቢሆን ጥቂት ያፈሳል፤ ሙቀት ሲጨምር የሚያፈሰውም ይጨምራል። መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ 2ቷም ትጠፋለች። ፕሮሰሰሩ በሆዱ 73 መሆኑን ያውቃል፤ የሚናገርለት ነው የሚዋሽበት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልምጣ። መሣሪያዬ ለምን አለፈ አለኝ? «አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለነበር ነው» ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። እሱ ግማሹ ነው። ሌላኛው ግማሽ የበለጠ ያስደነግጣል፤ ስንጥቁ በዚያች ሰዓት ተከፍቶ ቢሆን እንኳን መሣሪያው «አለፈ» ይለኝ ነበር። ምክንያቱም 7407ን ሲፈትን ኦፕን ኮሌክተር መሆኑን ስለሚያውቅ የራሱን ሬዚስተር ያገናኝለታል። 4511ዱን ሲፈትን ደግሞ ኢንፑቶቹን በራሱ ጉልበት ያነሳቸዋል። ሁለት ጊዜ ፈተንኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ የጎደለውን እኔው ሞላሁት። ሁለቱም ቺፖች ጤነኞች ነበሩ፤ የታመመው በመሃላቸው ያለው ነገር ነው። እናንተ መምህራን በተሻለ ታውቁታላችሁ፤ ጥያቄውን እያነበበ መልሱን በጆሮ የሚያቀብል ፈታኝ ተማሪውን ያሳልፈዋል፣ ግን የፈተነው ራሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር በሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ወደ ኋላ እየሄድኩ መረመርኩት። መሣሪያው ለቦርዱ የሚያበድረው ብዙ ነው።

መጀመሪያ ኃይል ያበድረዋል። ስንፈትን ለቦርዱ የተጣራ 5 ቮልት ከራሳችን እንሰጠዋለን። የቦርዱ የራሱ ፓወር ሰፕላይ ኮንደንሰሮቹ ደርቀው ቮልቴጁ እየተንቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ኮንደንሰሮች ዕድሜ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ እንደሚያጥር በልምድ የታወቀ ነው። ቆላ ውስጥ ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው፤ ቺፕ ፈታኙ ግን አያያቸውም።

ጉልበትም ያበድረዋል። የምንፈትነውን ቺፕ ኢንፑት የያዘው ሌላ ቺፕ አለ፤ እሱ ወደ ታች ይዞት ሳለ መሣሪያው ለአጭር ጊዜ ብዙ ኩረንት እየገፋ ያሸንፈዋል። ይሄ የግድ አጭር መሆን አለበት፤ ከረዘመ ጎረቤቱ ቺፕ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ይጎዳሉ። ማለት፣ አንዱን ለመመርመር ሌላውን ማሳመም አለ።

ጊዜም ያበድረዋል። 74 ኤልኤስ የሚባለው ቤተሰብ አንድ በር መልሱን ለመስጠት 10 ናኖሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ የእኔ መሣሪያ ግን ጠይቆ እስኪመለስለት በትዕግሥት ይጠብቃል። የዘገየ ቺፕ በዚህ ፈተና አይወድቅም። ቦርዱ ግን አይጠብቀውም።

ልክንም ቢሆን በልግስና ነው የሚሰጠው። በቲቲኤል ደንብ ኢንፑት ላይ ከ0.8 ቮልት በታች ዜሮ ነው፣ ከ2 ቮልት በላይ አንድ ነው። 2.1 ቮልት የሚሰጥ የደከመ ቺፕና 3.4 የሚሰጥ ጠንካራ ቺፕ ሁለቱም «አንድ» ተብለው ያልፋሉ። የመጀመሪያው ግን ትንሽ ጫጫታ ወይም ትንሽ ሙቀት ይበቃዋል። ተራው 74 ተከታታይ ከ0 እስከ 70 ዲግሪ ነው ዋስትናው። የሳጥኑ አየር 58 ሲደርስ ትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለው ቺፕ የት እንደሚደርስ አስቡት።

በተቃራኒው መሣሪያው ጤነኛውን ያለ ጥፋቱ የሚጥልበትም አለ። ዳታ ባስ ላይ እንደ 245 ያሉ ብዙ ቺፖች አንድ መስመር ይጋራሉ፤ አንዱ ሳይለቅ ሌላው ሲፈተን መልሱ ይደባለቃል። ፍሊፕ ፍሎፕና ካውንተር ያለፈውን ያስታውሳሉ፤ የሪሴት ፒናቸው ቦርዱ ላይ ከታሰረ ከየት እንደሚጀምሩ አናውቅም። ኢንፑቱ መሬት ላይ የተበየደ በር የሰንጠረዡን ግማሽ ሊመልስ አይችልም። እኔ «ወደቀ» የተባሉ ቺፖችን እየነቀልኩ፣ ሶኬት ላይ ስፈትናቸው ደህና ሆነው ያገኘኋቸው ብዙ ናቸው። ቺፑ ደህና ወጣ፤ በካውያው ምክንያት ግን የቦርዱ መዳብ ተነሳ። ሐኪሙ በሽታ ይዞ ገባ ማለት ነው።

«ዘመናዊው ቴክኖሎጂ ይህን አልፈታውም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በከፊል ፈትቶታል። በፈረንጆቹ 1990 የወጣው አይትሪፕልኢ 1149.1 የሚባለው ስታንዳርድ ቺፖች በየፒናቸው ላይ ትንሽ ፈታሽ ይዘው እንዲሠሩ አደረገ። የዚህ ትልቁ ቁም ነገር በቺፕና በቺፕ መካከል ያለውን ግንኙነት መፈተኑ ነው፤ እኔን የጣለኝን ቦታ ማለት ነው። ነገር ግን 7407 ይህ የለውም፣ ሬዚስተርም የለውም፣ እኛ ዘንድ ለጥገና የሚመጣው አብዛኛው ዕቃም የለውም። ያለውም ቢሆን አዲስ አበባ በቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ ከተፈተነ የሸዋ ሮቢትን ስምንት ሰዓት አያውቀውም።

ታዲያ መሣሪያዬን ጣልኩት ማለቴ አይደለም። ዛሬም እጠቀምበታለሁ፤ ሙሉ በሙሉ የሞተ ቺፕን በሁለት ደቂቃ ያሳየኛል። ቦታውን ነው የቀየርኩት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው በመጀመሪያ ባለቤቱን እጠይቃለሁ፦ መቼ ነው የሚሳሳተው፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ሲሆን? ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩን ሥራ ላይ እንዳለ እለካለሁ። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ አሞቀዋለሁ፣ አቀዘቅዘዋለሁ፣ በእንጨት ስንጥር ነካ ነካ አደርገዋለሁ። የሚፈትነው ክሊፕ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መንቀል ደግሞ የመጨረሻው። ክሊፑ «አለፈ» ሲለኝ በልቤ እንዲህ ብዬ እተረጉመዋለሁ፦ እኔ በጠየቅኩት፣ እኔ ባገዝኩት፣ በዚህ ሰዓት።

የሸዋ ሮቢቱን ነገር ልጨርስላችሁ። ብየዳውን ማደስ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። 12ቱንም ሬዚስተሮች በየዝኩ፣ ሚዛኑን በቀትር ሙቀት አቆይቼ ከከተማው የ1 ኪሎ ድንጋይ ተውሼ 70፣ 71፣ 72 እያልኩ እስከ 79 አንድ በአንድ ለካሁ። ሁሉም ልክ መጣ። ከባዱ ግን ሒሳቡ ነበር። ያለፈው ጉድለት እንዴት ይመለሳል? ጫኝ አውራጆች በግማሽ ቀን ስለሚከፈላቸው የነጋዴው መዝገብ የጠዋቱንና የከሰዓቱን ለይቶ ይዟል። የከሰዓቱን ገጾች ከፈትን። 58 የሚል ካለ እውነት 58 ነው፤ 8 ከሌላ ቁጥር ተለውጦ አይመጣም። 71 የሚል ግን እውነተኛ 71 ይሁን ከ73 የወረደ፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የጠፋ ቢት አይመለስም። ለሽማግሌዎቹ ይህን አስረዳሁ፦ መጨረሻቸው 0፣ 1፣ 4፣ 5 የሆኑት ወይ ልክ ናቸው ወይ ሁለት ኪሎ ይጎድላቸዋል።

ጥቂት ተመካከሩና ፈረዱ፦ የከሰዓት ሆኖ መጨረሻው ከእነዚህ አንዱ የሆነ ጆንያ ሁሉ አንድ አንድ ኪሎ ይታሰብለት። ግማሹን ይህ ይሸከም፣ ግማሹን ያ። እኔ ፕሮባብሊቲ ተምሬ የምደርስበት አማካይ ልክ ይኸው ነው፤ እነሱ ያለ ወረቀት ደረሱበት። ነጋዴው ከፈለ። ሌባ አለመሆኑ በሰው ፊት ስለታየለት ከገንዘቡ ይልቅ ያ ሳያሳርፈው አልቀረም። እኔም የተቀበልኩትን ክፍያ መልሼ ወደዚያው ሒሳብ ጨመርኩ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አውርጄ ቀደድኩትና ሌላ ጻፍኩ። በአንድ በኩል የፈተንኩትን፣ በምን ሙቀት፣ በስንት ኪሎ እንደፈተንኩ፤ በሌላ በኩል ያልፈተንኩትን። ከ79 ኪሎ በላይ በየኪሎው አለመለካቴን፣ ክረምቱ ምን እንደሚያደርገው አለማየቴን። አዛውንቱ ልጃቸውን አስነበቧትና «ልጄ፣ ይሄኛው ከፊተኛው በምን ይሻላል?» አሉኝ። «አባባ፣ ይሄኛው ያላየሁትንም ይናገራል» አልኳቸው። «እንግዲያው ይሰቀል» አሉ።

ክቡራን መምህራኖቻችን፤ ከዚህ ተነስቼ ሦስት ትንንሽ ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ በላብራቶሪ ለተማሪው የሚሰጠው ቦርድ ሁልጊዜ የሚሠራ አይሁን፤ መሣሪያው «አለፈ» የሚለው ግን የማይሠራ ቦርድም ይሰጠው። ሁለተኛ፣ የላብ ሪፖርት ላይ «ያልተፈተነ» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር፣ ነጥብም ይያዝበት። ሦስተኛው የእኛ የምሩቃን ድርሻ ነው። በየቆላውና በየደጋው የምንሠራ ሁሉ ከነታሪኩ አንድ አንድ የተበላሸ ቦርድ ወደዚህ እንላክ፤ የት እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚታመም ተጽፎበት። የመጀመሪያውን እኔ ይዤ መጥቻለሁ። የሚዛኑ ባለቤት በኋላ ሚዛኑን ሲቀይር የድሮውን ሳጥን ሰጥቶኛል። አንዱን ብየዳ ሆን ብዬ መልሼ ሰንጥቄዋለሁ። የትኛውን እንደሆነ አልነግራችሁም። ልጆቹ ያግኙት፤ ካቃታቸው የስምንተኛ ክፍሏ ልጅ ደብተር ቅጂ ሳጥኑ ውስጥ አለ።